ግጦሹን የወረሩት መጤ ዕፅዋት፦ ምንጠራው ለምን አይጸናም?

በአፋር አውራ ጎዳናዎች ዳርና በአዋሽ ወንዝ ግራና ቀኝ ተጨናንቆ የሚታየው፣ በሳይንሳዊ መጠሪያው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ፣ በብዙ ሰው አፍ ደግሞ «የወያኔ ዛፍ» የሚባለው እሾሃማ ተክል በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንደኛው ወገን ዛፉ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ የነጠቀ ጠላት ነውና ከሥሩ ተነቅሎ ይጥፋ ይላል። ሌላው ወገን ከሰል፣ መኖ፣ አጥርና ማገዶ የሚገኝበት ሀብት ነውና እየተጠቀምንበት እንቀንሰው ባይ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች በድንጋይ ከሰል ፈንታ እንዲያነዱት የሚለው ሐሳብም ከዚሁ ወገን ተደጋግሞ ይነሣል። ሁለቱም የሚከራከሩት ዛፉ በምን ይወገድ በሚለው ላይ ነው። ከተመነጠረ በኋላ በቦታው ምን እንደሚበቅልና መሬቱን ማን እንደሚጠብቀው ግን እምብዛም አይጠየቅም። አብዛኛው የምንጠራ ሥራ መና የሚቀረው ደግሞ በዚህ ባልተጠየቀው ጥያቄ ምክንያት ነው።

መጤ ሁሉ ወራሪ አይደለም

በቆሎ፣ ድንችና በርበሬ ከውጭ የመጡ ሰብሎች ናቸው፤ ገበሬው ካልዘራቸው ግን ሜዳውን አይሞሉም። «መጤ ወራሪ ዝርያ» የሚባለው ከተፈጥሮ መኖሪያው ውጭ በሰው አማካይነት የመጣ፣ ያለ ሰው እንክብካቤ በራሱ የሚራባ፣ በሚስፋፋበትም ቦታ በተፈጥሮ ወይም በሰው ኑሮ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ዝርያ ነው። መንግሥታት የሚሳተፉበት ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት የሳይንስ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በሰው እንቅስቃሴ ከቦታ ወደ ቦታ ከተዛወሩት ከ37 ሺህ በላይ ዝርያዎች ውስጥ ጎጂነታቸው በማስረጃ የተረጋገጠው ከ3,500 በላይ መሆናቸውን ገልጿል። ከአሥሩ አንዱ እንደማለት ነው።

በአገራችን ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይደበላለቃል። በቦረና የግጦሽ ምድር ላይ የሚታየው የቁጥቋጦ መስፋፋት ለምሳሌ በአብዛኛው የአገር በቀል ግራሮች ሥራ ነው። ግራሮቹ ከጥንትም የነበሩ ሲሆኑ፣ የበዙት ሚዛኑ ስለተዛባ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሣር ማቃጠል መከልከሉ፣ የእንስሳት እንቅስቃሴ መገደቡና ግጦሹ መደጋገሙ ለቁጥቋጦው መንገድ ከፈቱለት። አርብቶ አደሩ በየጊዜው የሚለኩሰው እሳት የሚያቆጠቁጡትን ግራሮች እያቃጠለ ሣሩን ያድስ ነበርና፣ በተገቢው ወቅት በሥርዓት ማቃጠልን መመለስ ለቦረና ሁነኛ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ይኸው ዘዴ ወደ አፋር ቢወሰድ ግን አይሠራም። ፕሮሶፒስ ጥቅጥቅ ብሎ በያዘው ቦታ ከሥሩ እሳቱን የሚያዛምት ሣር የለም፤ ቢነድም እንኳ ያደገው ዛፍ ከጉቶው ደግሞ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ የወረራውን ዓይነት መለየት ከመፍትሔው ምርጫ በፊት መቅደም አለበት።

የፕሮሶፒስ አመጣጥና አካሄድ

የዛፉ የትውልድ አገር የላቲን አሜሪካና የካሪቢያን ደረቅ አካባቢ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ መጀመሪያ በድሬዳዋ አካባቢ፣ ቀጥሎም በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች ዙሪያ ተተከለ። በ1980ዎቹ ደግሞ ለአፈርና ውኃ ጥበቃ ተብሎ በምግብ ለሥራ መርሐ ግብሮች ጭምር ተስፋፋ። ውሳኔውን ዛሬ ላይ ቆሞ ማጣጣል ቀላል ነው። በወቅቱ ግን ድርቅ በድርቅ ላይ እየተደራረበ ነበር፤ ጨዋማ አፈር የሚችል፣ በጥቂት ዝናብ የሚያድግ፣ ነፋስ የሚገታና ማገዶ የሚሰጥ ዛፍ በበርካታ አገሮች እንደ ተአምር ይታይ ነበር። እነዚህን ሁሉ ዛፉ በእርግጥም ይሰጣል። ያልታሰበበት ነገር ይህን ሁሉ የሚችል ተክል ከተተከለበት አጥር ውስጥ ተወስኖ እንደማይቀር ነው።

የስርጭቱ ሞተር ፍሬው ነው። ጣፋጭ የሆነውን የፕሮሶፒስ ፍሬ ከብት፣ ግመል፣ ፍየልና ከርከሮ ይወዱታል። ሥጋው ሲፈጭ ጠንካራ ሽፋን ያለው ዘር ግን ሳይጎዳ ያልፍና ከእበቱ ጋር መሬት ላይ ይወድቃል፤ ለመብቀል የሚያስፈልገው ፍግና እርጥበት አብሮት አለ። በመካከለኛው አዋሽ በተካሄደ ጥናት በአንድ ኪሎ የከብት እበት ውስጥ ከ2 ሺህ በላይ ዘር ተቆጥሯል። በድርቅ ጊዜ ሣር ሲጠፋ እንስሳቱ ይህንኑ ፍሬ እየበሉ ረጅም መንገድ ይጓዛሉ፤ የከፋው የድርቅ ዓመት ለዛፉ የመስፋፊያ ዓመት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ጎርፍ ደግሞ ዘሩን በወንዝ ዳርና በደረቅ ጅረቶች እየያዘ ያወርደዋል።

ውጤቱ በሳተላይት ምስል ተለክቷል። እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ በአፋር ክልል ወደ 1.17 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን መሬት በተለያየ መጠን በፕሮሶፒስ ተይዞ ነበር። በሦስት አሥርት ዓመታት ውስጥ የተስፋፋበት ፍጥነት በአማካይ ሲሰላ በዓመት ከ30 ሺህ ሄክታር በላይ ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች ስለ ስፋት እንጂ ስለ ቦታው ጥራት አይናገሩም። ዛፉ አስቀድሞ የያዘው ውኃ ገብ የሆነውን የአዋሽ ዳር ሜዳ ነው፤ ይህም አርብቶ አደሩ በዝናብ ወራት ትቶት ሄዶ በበጋ የሚመለስበት የክፉ ቀን ግጦሽ ነበር። ከዚያ ሜዳ ላይ ሰፊው ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለጥጥ እርሻ ተወስዷል፤ በኋላ ደግሞ ለስኳር አገዳ ተጨማሪ ተቆርሷል። ፕሮሶፒስ የደረሰው በተረፈው ላይ ነው። በመቶኛ ሲሰላ ከክልሉ ስፋት ስምንተኛውን እንኳ የማይሞላው ወረራ የአርብቶ አደሩን ዓመታዊ የዝውውር ሥርዓት ሊያናጋ የቻለው ቁልፉን ቦታ ስለያዘ ነው።

ከግጦሹ ባሻገር ያለውም ጉዳት ቀላል አይደለም። ሥሩ እጅግ ጠልቆ የከርሰ ምድር ውኃ ይስባል፤ ተመራማሪዎች በክልሉ ያለው ፕሮሶፒስ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ እንደሚጠቀም አስልተዋል። እሾሁ ሰኮናና እግር ይወጋል፤ የቆሰለው ቦታም ያመረቅዛል። ፍሬውን ብቻ ለረጅም ጊዜ የበሉ እንስሳት ደግሞ በጥርስና በምግብ መፍጨት ችግር ይጠቃሉ። በኬንያ የባሪንጎ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ዛፉን ያስገባውን መንግሥት በከሰሱ ጊዜ ጥርሷን የጨረሰች ፍየል ችሎት ፊት እስከማቅረብ ደርሰዋል። በማሊ የተደረገ ምርምርም የሚያብቡት የፕሮሶፒስ ቅርንጫፎች በተቆረጡባቸው መንደሮች የወባ ትንኝ ቁጥር በከፍተኛ መጠን መቀነሱን አሳይቷል፤ ትንኟ የምትመገበው የአበባውን ወለላ ነውና።

ቅንጬ አረም፦ የተለየ ጠባይ ያለው ወራሪ

በሐረርጌ፣ በጅግጅጋ፣ በሰሜን ወሎ ቆላማ ሥፍራዎችና በስምጥ ሸለቆ የተስፋፋው ፓርቴኒየም፣ በአማርኛ ቅንጬ አረም፣ በኦሮምኛ ፈረምሲሳ የሚባለው ተክል፣ ከፕሮሶፒስ ጋር በአንድ ስም «ወራሪ» ቢባልም ጠባዩ ፈጽሞ ሌላ ነው። ዛፍ አይደለም፤ ዕድሜው ከአንድ ዓመት የማያልፍ፣ ነጫጭ አበባ ያለው አረም ነው። በበቀለ በአንድ ወር ተኩል ገደማ ውስጥ ያብባል፤ አንዱ ተክል ብቻውን ከ15 ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ዘሩ ቀላልና ጥቃቅን ስለሆነ በጎማ፣ በጭድ፣ በእህል ከረጢትና በእንስሳት ሰኮና ይጓዛል። ወደ ኢትዮጵያ እንዴት እንደገባ ሁለት መላምቶች ይጠቀሳሉ፦ አንደኛው ከእርዳታ ስንዴ ጋር፣ ሁለተኛው ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ ከወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ጋር መጣ የሚል ነው። አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ቅንጬ አረም የሚያሸንፈው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ኬሚካላዊ ነው፤ ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጡ ንጥረ ነገሮች የሌሎች ተክሎችን ዘር እንዳይበቅል ያደርጋሉ። ይህ ጠባይ በሥነ ዕፅዋት አሌሎፓቲ ይባላል፤ አንድ ተክል በሚያመነጨው ኬሚካል የጎረቤቱን ዕድገት መግታቱ ማለት ነው። ሁለተኛው እንስሳት በፈቃዳቸው የማይበሉት መሆኑ ነው። ግጦሹ ላይ ጫና በበዛ መጠን የሚበላው ሣር እያነሰ፣ የማይበላው አረም ደግሞ ባዶ ቦታ እያገኘ ይሄዳል። ሌላ ምርጫ አጥታ የበላችው ላም ወተት ይመራል፤ ሥጋዋም ይበላሻል። አረሙን በእጁ የሚነቅለው ሰው ቆዳው ሊቆጣ፣ ትንፋሹም ሊያጥር ስለሚችል «ዘመቻ ወጥታችሁ ንቀሉ» የሚለው ጥሪ ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ አደጋ አለው። በምሥራቅ ሐረርጌ ቆላ በተደረገ የዳሰሳ ጥናት ከተጠየቁት ገበሬዎች 90 በመቶው በእርሻም ሆነ በግጦሽ ላይ ከሁሉ የከፋ አረም ብለው የመረጡት እሱን ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ቅንጬ አረም የሚገባው በተራቆተ ግጦሽ ላይ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ባለበት ሜዳ ላይ ቡቃያው በጥላ ይቀጭጫል። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ አረሙን በብርቱ ከሚፎካከሩት ሣሮች አንዱ ከአፍሪካ የተወሰደው ሴንክረስ ነው፤ በእኛ ቆላ አገር በቀል የሆነው ይህ ሣር እዚያ ራሱ በአንዳንድ አካባቢ እንደ ወራሪ መታየቱ ትንሽ የሚያስገርም ነው። በቅንጬ አረም ላይ የሚወሰደው እርምጃ እንግዲህ አረሙን ከመንቀል ይልቅ ሣሩን ከማስረፍ ቢጀምር የተሻለ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ የእንስሳት ቁጥርና የግጦሽ ዙር ሳይነካ ማድረግ አይቻልም።

መቁረጥ፣ መርጨት፣ መንቀል

ፕሮሶፒስን በመጥረቢያ መቁረጥ የሚታይ ውጤት ወዲያው ይሰጣል፤ ለጋዜጠኛና ለጎብኚም ጥሩ ምስል ይሆናል። ነገር ግን የማቆጥቆጫው እንቡጥ ያለው ከመሬት ወለል ዝቅ ብሎ በግንዱ መሠረት ላይ ስለሆነ፣ ከመሬት በላይ የተቆረጠው ዛፍ አንድ ግንድ የነበረው በአራትና በአምስት ግንድ ይተካል። በቀጣዩ ዓመት የሚገኘው ቁጥቋጦ ከመጀመሪያው ይልቅ ለመግባትም ለመቁረጥም ያስቸግራል። ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ ከአፈር በታች ከ10 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ዝቅ ብሎ መቆረጥ ይኖርበታል፤ በእሾህ መካከል ተጎንብሶ እየቆፈሩ ይህን ማድረግ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም። ቡልዶዘር ሥራውን ያፋጥነዋል፤ ዋጋው ግን ከፍተኛ ነው፣ የላይኛውን አፈርም ያገላብጣል።

ጉቶው ቢሞት እንኳ አፈሩ ውስጥ የቀረው ዘር አለ። «የዘር ክምችት» የሚባለው ይህ ነው፤ ወድቆ ሳይበቅል በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የሚቆይ ሕያው ዘር ማለት ነው። ምንጠራው ጥላውን አንሥቶ ብርሃንና ውኃ ሲሰጠው ይህ ዘር በአንድ ክረምት ሜዳውን በቡቃያ ይሸፍነዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተመነጠረ መሬት ሥራው ያለቀለት ተደርጎ መቆጠር የለበትም። ቡቃያው በየክረምቱ ለበርካታ ዓመታት መነቀል ይኖርበታል፤ ይህ ሥራ ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ካልተደረገ ለመጀመሪያው ምንጠራ የወጣው ብር ሁሉ ይባክናል። የፕሮጀክት ዕድሜ ብዙ ጊዜ ከሁለት ከሦስት ዓመት አይበልጥም፤ የዘሩ ዕድሜ ከዚያ ይበልጣል።

በአውስትራሊያ ለፕሮሶፒስ ዝርያዎች የሚሠራበት አንድ ዘዴ ትሪክሎፒር የተባለውን ፀረ አረም ኬሚካል ከናፍጣ ጋር ቀላቅሎ የግንዱን መሠረት ዙሪያውን መቀባት ነው። ለቅንጬ አረም ደግሞ በእኛም አገር በእህል እርሻ ላይ የታወቀው 2,4-ዲ እና ግላይፎሴት ይጠቀሳሉ። ኬሚካል ሥርን ይገድላል፤ ጥቂት ዛፎች ተበታትነው በሚገኙበት ቦታም ውጤታማ ነው። የአፋር ግጦሽ ግን እንደ ግል እርሻ የታጠረ አይደለም፤ ሰውም እንስሳም ከአንድ ወንዝ ይጠጣሉ። በዚያ ላይ አንድ ሄክታር የግጦሽ መሬት በዓመት የሚሰጠው ገቢ አነስተኛ ስለሆነ፣ ኬሚካሉና የቀቢው ደሞዝ ከመሬቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ኬሚካልን በጅምላ ማውገዝም በጅምላ መቀበልም ተገቢ አይመስለኝም፤ አዲስ ወረራ ሲጀምር በቦታው ለመግታት ሁነኛ መሣሪያ ነው፣ ለአንድ ሚሊዮን ሄክታር ግን መፍትሔ አይሆንም።

«እየተጠቀምን እንጨርሰው» የሚለው ሐሳብ ሲመዘን

ከሁሉ የበለጠ ደጋፊ ያለው ሐሳብ ይህ ስለሆነ በቅርበት ሊታይ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በአፋር አሚባራና ገዋኔ ወረዳዎች የአርብቶ አደር ማኅበራትን አደራጅቶ ፕሮሶፒስን ወደ ከሰል እንዲለውጡ፣ የተመነጠረውንም መሬት እንዲያለሙ ሞክሯል። ማኅበራቱ ገቢ አግኝተዋል፤ የተወሰነ መሬትም ወደ እርሻና ወደ ግጦሽ ተመልሷል። ከዚያ በኋላ ግን በከሰል ንግዱ ውስጥ ከማኅበራቱ ውጭ ያሉ ነጋዴዎች ገቡ፤ በፕሮሶፒስ ስም አገር በቀል ግራሮች እየተቆረጡ መሆኑ ሲታይ ክልሉ እገዳ ጣለ።

ይህ የአንድ ፕሮጀክት ድክመት ብቻ አልነበረም። ከሰል አክሳዩ የሚፈልገው መካከለኛ ውፍረት ያለውን ግንድ ነው፤ ያንንም ለመንገድ ከቀረበው ቦታ ይመርጣል። ጉቶውን ቆፍሮ የሚያወጣበት ምክንያት የለውም፤ እንዲያውም ቢተወው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ይቆርጠዋል። ወረራው በፍጥነት የሚስፋፋው ደግሞ ከመንገድ ርቆ፣ ገና ቀጫጭን ቡቃያዎች በተበታተኑበት ጠርዝ ላይ ሲሆን፣ እዚያ ለከሰል የሚሆን እንጨት የለም። በሌላ አነጋገር ገበያው የሚቆርጥበትና ቁጥጥሩ የሚያስፈልግበት ቦታ አይገናኙም። ለፋብሪካ ማገዶ ቢውልም ይኸው ችግር ይገጥማል፤ በተጨማሪም ቋሚ አቅርቦት የሚሻ ፋብሪካ ከተቋቋመ በኋላ ዛፉ እንዲያልቅ የሚፈልግ አካል ማግኘት ይከብዳል።

የተሻለ የሚታየኝ ፍሬውን ሰብስቦ መፍጨት ነው። በወፍጮ የተፈጨ ፍሬ ስኳርና ፕሮቲን ያለው ጥሩ መኖ ይወጣዋል፤ ዘሩም ስለሚደቅቅ ከእንስሳው ሆድ ሕያው ሆኖ አይወጣም። እዚህ ላይ ጥቅምና ቁጥጥር ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። እርግጥ ነው፣ ከሚረግፈው ፍሬ የሚሰበሰበው ጥቂቱ ነው፤ ሳይፈጭ ወደ ሌላ ወረዳ የሚጫን ከሆነም ዘሩን ወደ ንጹሕ ሜዳ ማድረስ ይሆናል። ስለዚህ ፍሬው በተለቀመበት አካባቢ መፈጨት አለበት። ገቢ ማግኘቱን ማንም አይቃወምም፤ ገቢውን የቁጥጥር ውጤት አድርጎ በሪፖርት ማቅረቡ ግን ስህተት ነው።

ሙሉ በሙሉ ማጥፋት የሚለውም አማራጭ ተሞክሯል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1995 ፕሮሶፒስን ከአገሪቱ ለማጥፋት ወስና ነበር፤ ከዚያ በኋላም በምሥራቅ ሱዳን የመስኖ አካባቢዎች ዛፉ አሁንም አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2017 ያዘጋጀችው ብሔራዊ የፕሮሶፒስ ስትራቴጂ በአንጻሩ ማጥፋትን፣ መግታትንና መጠቀምን እንደ ቦታው ሁኔታ የማጣመር አቅጣጫ ይከተላል። አቅጣጫው ትክክል ነው፤ ጥያቄው የትኛው ቦታ ለየትኛው እንደሚመደብና ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ ነው።

ነፍሳትን በአረም ላይ ማሰማራት

«ሥነ ሕይወታዊ ቁጥጥር» ወራሪው ተክል ከመጣበት አገር የተፈጥሮ ጠላቱን፣ ማለትም እሱን ብቻ የሚበላ ነፍሳት ወይም የሚያሳምመው ፈንገስ አምጥቶ መልቀቅ ነው። ሰፊና ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ የግጦሽ መሬት በመርህ ደረጃ ከዚህ የሚሻል የለም፤ ነፍሳቱ ደሞዝ አይጠይቁም፣ በየቁጥቋጦው ይደርሳሉ። የሚያስፈራው ከተለቀቁ በኋላ መመለስ አለመቻሉ ነው።

ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሕንድ ለቅንጬ አረም ያስገባችው ዛይጎግራማ የተባለ ጢንዚዛ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሱፍ አበባ ላይ ታየ ተብሎ ከባድ ክርክር አስነሥቶ ነበር። በትግራይ ደግሞ ለቀለም ምርት የገባችው ኮቺኒል የተባለች ነፍሳት ከተወሰነላት ቦታ ወጥታ ሰዎች የሚመገቡትን በለስ ጎድታለች፤ ይህች የገባችው ለአረም ቁጥጥር ባይሆንም የተለቀቀ ነፍሳት ድንበር እንደማያውቅ በቅርባችን ያለ ማስረጃ ናት። ለዚህ ነው ዛይጎግራማና ሊስትሮኖተስ የተባለው ግንድ ቦርቧሪ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ አስቀድሞ በአምቦ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል በኳራንቲን፣ ማለትም ወደ ውጭ እንዳይወጡ ተዘግተው፣ በአገሪቱ ሰብሎች ላይ የተፈተኑት። ኑግ ከቅንጬ አረም ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ስለሚመደብ ፈተናው በተለይ በእሱ ላይ ያተኮረ ነበር። ፈተናውን ካለፉ በኋላ በወለንጪቲ አካባቢ ተለቀዋል። ጢንዚዛው ቅጠሉን በዝናብ ወራት ይበላል፤ በደረቁ ወቅት አፈር ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ዝናብ ሲያጥር ሥራውም ስለሚያጥር አንድ ነፍሳት ብቻውን ይበቃል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ አውስትራሊያም የተጠቀመችው በበርካታ ነፍሳትና በዝገት ፈንገሶች ነው።

በፕሮሶፒስ ላይ ደግሞ የሁለት አገሮች ምርጫ ሊጠና ይገባዋል። ደቡብ አፍሪካ ገበሬዎቿ ፍሬውን ለመኖ ስለሚፈልጉት እ.ኤ.አ. በ1987 ያስገባችው ዘሩን ብቻ የሚበላ ጢንዚዛ ነበር። እንስሳቱ ግን ፍሬውን ከጢንዚዛው ቀድመው ስለሚበሉት ወረራው አልቆመም። አውስትራሊያ በ1998 ቅጠል የሚያጠቃ የእሳት እራት ከአርጀንቲና አምጥታ ለቀቀች፤ በፒልባራ አካባቢ ዛፎቹን ባይገድልም ቅጠላቸውን እያራገፈ ዕድገታቸውንና ፍሬያቸውን በእጅጉ ቀንሷል። ምርጫው ሳይንሳዊ ብቻ አይደለም። ዛፉ ሀብት ነው ብሎ ከሰልና ፍሬ የሚጠብቅ አገር ቅጠሉን የሚበላ ነፍሳት ለማስገባት አይደፍርም፤ ለ«ጠላት ነው» እና «ሀብት ነው» ክርክር መልስ የሚያስፈልገው በተለይ እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ከየት ይጀመር?

በአማካይ በዓመት 30 ሺህ ሄክታር እየተስፋፋ በመጣ ወረራ ላይ፣ ጥቅጥቅ ባለው መሐል ገብቶ ጥቂት መቶ ወይም ጥቂት ሺህ ሄክታር መመንጠር ሒሳቡን አይለውጠውም። አንድ ሄክታር ጫካ ለማጽዳት በሚወጣው ጉልበት፣ በጠርዙ ላይ ቡቃያ ብቻ ያለበትን ብዙ ሄክታር መጠበቅ ይቻላል። ከወረራው ነጻ የሆኑ ሜዳዎች፣ የውኃ ነጥቦች፣ የእንስሳት መተላለፊያዎችና እንደ አላይደጌ ያሉ የዱር እንስሳት መኖሪያዎች ቅድሚያ ቢያገኙ የሚተርፈው ግጦሽ ይበዛል። የቀደመው ጫካ እስከዚያው ለፍሬና ለማገዶ ሊያገለግል ይችላል። ይህ አካሄድ ችግር አለው፤ በወረራው መሐል የሚኖረው ማኅበረሰብ ከሁሉ በላይ ተጎድቶ ሳለ ገንዘቡ ገና ወዳልተጎዳው ወረዳ ሲሄድ ፍትሕ ጎደለ ቢል ሊፈረድበት አይችልም። ስለዚህ በመሐል ለሚኖረው ቢያንስ ወደ ወንዙና ወደ መንደሩ የሚያስገቡ መተላለፊያዎች በቋሚነት ሊከፈቱለት ይገባል።

የመሬት ይዞታ ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ በላይ ሥራውን ይወስናል። የግጦሽ መሬት በአፋር የጎሳ የጋራ ይዞታ ነው፤ በየክረምቱ ቡቃያ የሚነቅል ሰው የሚገኘው ያ ሜዳ በበጋ ለከብቶቹ እንደሚቆይለት ሲያምን ነው። እስከ ዛሬ የሚታየው ልምድ ግን በወንዝ ዳር የተመነጠረ መሬት ብዙውን ጊዜ ወደ መስኖ እርሻ መለወጡ ነው። እርሻው ዛፉ ተመልሶ እንዳይመጣ ያደርጋል፤ ምክንያቱም በየዓመቱ ስለሚታረስ ነው። በቁጥጥር መስፈርት ስኬት ነው፤ በግጦሽ መስፈርት ግን አርብቶ አደሩ ያንኑ ሜዳ ሁለተኛ ጊዜ ያጣዋል። አንዳንድ ቤተሰቦች እርሻውን ራሳቸው መርጠውታል፤ ሌሎች ደግሞ መሬቱ ለባለሀብት ሲከራይ ተመልካች ሆነዋል። ሁለቱን በአንድ ቃል «ወደ ልማት መግባት» ብሎ ማለፍ ልዩነቱን ይሸፍነዋል። ከምንጠራው በፊት መሬቱ ለግጦሽ ወይስ ለእርሻ እንደሚውል፣ ለስንት ዓመት እንደሚከለልና ማን እንደሚጠብቀው ከጎሳ መሪዎች ጋር በጽሑፍ መስማማት ለዚህ ነው የሚያስፈልገው።

የየዓመቱ ሪፖርት የሚናገረው ይህን ያህል ሄክታር ተመነጠረ በማለት ነው። ከዚያ መሬት ውስጥ ከሦስት ክረምት በኋላ ሣር ሆኖ የተገኘው ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ዓምድ በሪፖርቱ ላይ ቢጨመር፣ በጀቱ ከመጀመሪያው ምንጠራ ወደ ክትትሉ መዞሩ አይቀርም ነበር። የሳተላይት ምስሉ አለ፤ በወረርና በሌሎች የምርምር ማዕከላት ባለሙያው አለ፤ ሥራውን የሚጀምረው ግን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያንን ቁጥር ከጠየቀ ብቻ ነው።